የሼህ ኡበይደላ ካሴትና ነጩ ሳጥን

መርሳ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ቢስሚላህ። ለአጎቴ ልጅ፣ ለእታለም ዘሀራ ኡበይደላ። አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ሰላምታዬ ከመርሳ ተነሥቶ ባሕሩን ተሻግሮ ጂዳ ድረስ በጤና ያግኝሽ። እኔም ሩቂያም ልጆቹም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ዝናቡ ዘግይቶ ገባ፣ ማሽላው ግን ክፉ አይደለም።

ስልክ ስደውልልሽ አታነሺም። ኢንተርኔቱ እንደሆነ ከክረምቱ ወዲህ የለም። ስለዚህ እንደ ድሮው ወረቀት ያዝሁ። ለዑምራ የሚሄዱ የውርጌሳ ሰዎች ስላሉ በእነሱ እጅ ነው የምሰደው።

አሁን ቁጭ በይና አንብቢው። የአባትሽ ካሴት ተገኘ።

ከተማው በተያዘ ጊዜ ሱቄ መዘረፉን ታውቂያለሽ። ቴፖቹን ሲወስዱ ካሴቶቹን ማን ይፈልጋቸው፣ መሬት ላይ ደፍተዋቸው ሄዱ። እኔ አብሮ ጠፋ ብዬሽ ነበር። ለካ ሩቂያ ጠራርጋ በማዳበሪያ ከረጢት ከታ ጣሪያው ሥር ሰቅላው ኖሯል። ሰሞኑን አይጥ ሲያስቸግራት አውርዳ ስትዘረግፈው በራሴ እጅ ጽሑፍ «ለዘሀራ፣ ከሼህ ኡበይደላ» የሚለውን አየሁት። 

ነገሩን ድሮ በስልክ ነግሬሽ ነበር፣ አላመንሽኝም እንጂ። አጎቴ ሊሞቱ ጥቂት ወራት ሲቀራቸው ከውርጌሳ በአይሱዙ ጋቢና መጡ። ያኔ ካሴት ቤቱ ደርቶ ነበር። «ለዘሀራ የምለው አለኝ፣ እዚህ ላይ አስቀምጥልኝ» አሉ። አዲስ ካሴት ከፍቼ፣ ቀዩንና ጥቁሩን ቁልፍ አብረው እንዲጫኑ አሳየኋቸው። «አሁን ውጣልኝ» አሉኝ፤ ወጥቼ በሩ ላይ ቆምሁ። ሲጨርሱ «ስትመጣ ስጣት» ብለውኝ ሄዱ። አንቺ ደግሞ አልመጣሽም። ምን እንዳሉሽ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ማጫወቻም የለኝ።

የኔን ነገር ከጠየቅሽ፣ ካሴት ሞተ፣ ሲዲ ሞተ። ቀጥሎ ሰው ሚሞሪ ላይ ዘፈንና መንዙማ እያስጫነ ጥቂት ዓመት ቀለብን፣ እሱም ሁሉም ከስልኩ መውሰድ ሲጀምር ሞተ። አሁን የፕሌይስቴሽን ቤት ነኝ። ልጆቹ ኳስ ይጫወታሉ፣ እኔ ተራ አስይዛለሁ። እሱንም ጁነይድ የሚባለው ከፊት ለፊቴ አዲሱን ማሽን ይዞ ከከፈተ ወዲህ አንጀቴን እያሳረረኝ ነው። አንድ ማሽን ስለምትልኪልኝ ነገር በሌላ ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ። አላህ ይጠብቅሽ።

የአክስትሽ ልጅ አብዱሰመድ

ጂዳ፣ ኅዳር 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ወዐለይኩሙ ሰላም፣ ወንድሜ አብዱሰመድ። አላህ ቤትህን ይሙላው፣ የሩቂያን እጅ ይባርከው። ያቺን ከረጢት ጣሪያ ሥር የሰቀለችበትን እጇን ሳምልኝ።

የጻፍኸውን ማድ ቤት ቆሜ ሳነብ ሩዙ አረረ። ማዳም መጥታ አፏን ስትከፍትና ስትዘጋ አየኋት። ምንም አልመሰለኝም።

እኔ አባቴ ለሰጡኝ ሰው አልዳርም ብዬ ሳልሰናበት የወጣሁ ልጅ ነኝ። አባቴም ስሟን እንዳትጠሩብኝ ብለዋል ተብሎ በሰው በሰው ደርሶኛል። እዚህ አገር የደረሰብኝን ሁሉ፣ ትዳር አለማግኘቴን፣ ልጅ አለመውለዴን፣ ታምሜ ልሞት ደርሼ መትረፌን፣ ሁሉንም አባቴ ሳይመርቁኝ ስለሞቱ ነው እል ነበር። አሁን አንተ የተናገሩት አለ ትለኛለህ። አንተን ማስወጣታቸው ያስፈራኛል። ምርቃት ሰው ፊት ነው የሚደረገው። እርግማን ይሆን? ቢሆንም ልስማው። በዚህ መሃል መኖር ከብዶኛል።

ካሴቱን ላክልኝ። ሌላ አይደለም፣ ራሱን ካሴቱን። ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ቴፕ ከነጆሮ ማዳመጫው ገዝቼ አልጋዬ ሥር አስቀምጫለሁ። ከረመዳን በፊት ይድረሰኝ። ለምን ቸኮልሽ አትበለኝ።

ስልኩን ማዳም ስለማትወድ ነው የማላነሳው። ስለ ማሽንህ ደግሞ ኸይር ነው፣ እናያለን። ብቻ ካሴቱን።

እህትህ ዘሀራ

መርሳ፣ ጥር 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእታለም ዘሀራ። ሰላሙ አላህ ዐለይኪ፣ ከሰው አገር ክፉ ይጠብቅሽ፣ ጤናሽን አያጉድልብሽ። ደብዳቤሽ ወር ሙሉ ሰው ኪስ ውስጥ ከርሞ ትናንት ደረሰኝ። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሁለት ቀን ይዘጋል።

ካሴቱ አለ፣ አብሽሪ። ጨርቅ ጠቅልዬ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ። እንግዲህ አትቀየሚኝ፣ ግልጹን እንነጋገር። አንቺ የምትፈልጊው እኔ ጋ አለ፣ እኔ የምፈልገው አንቺ ጋ አለ። ማሽኑ ሲመጣ ካሴቱ ይሄዳል።

ይህን ስጽፍ ፊቴ አልቀላም እንዳይመስልሽ። ያለሁበትን ብታዪው ነው። ጁነይድ ሁለት ትልልቅ ቴሌቪዥን ሰቅሎ፣ አዲሱን ፋይቭ የሚሉትን አስገብቶ፣ የመርሳን ወጣት ጠራርጎ ወሰደው። የኔ ፎር ነው፣ አርጅቷል፣ ሲጋል መሃል ጨዋታ ላይ ይጠፋል። ልጆቹ የኔን ቤት «ሙዚየሙ» ብለው ስም አወጡለት። ድሮ እኔ ዘንድ እየመጡ ካሴት የሚያስቀዱ ሰዎች ልጆች ናቸው። ትልቁ ልጄ እንኳ ከትምህርት ሲመለስ እኔን ሰላም ብሎ እዚያ ይገባል። ሩቂያ ማታ ማታ አታናግረኝም፣ የሚጋገር ሲያልቅ ዕቃውን ከፍታ ታሳየኛለች። የአከራዩ ልጅ ለሌላ ላከራየው ነው ብሏል። ይህ በር ከተዘጋ በዚህ ዕድሜዬ ምን ልሆን ነው? ያለኝ መያዣ ይህ ካሴት ብቻ ሆነ፣ ምን ላድርግ።

በደንብ ስሚኝ። ፕሌይስቴሽን። ሲዲ የሚገባበት። ያሉኝ ሲዲዎች ሁሉ የእሱ ናቸው፣ የልጆቹም ጣት የለመደው የእሱን ጆይስቲክ ነው። ሌላ ዓይነት ብታመጪልኝ ማንም አይነካውም። በትልቁ ጽፌልሻለሁ፣ ወረቀቱን ቆርጠሽ ለሻጩ አሳዪው።

በስልክ ላሰማሽ ብዬም ነበር። ቴፕ ተውሼ ቃሉን በስልክ ማሰማት ምን ይከብዳል ብዬ ደወልሁ። አነሳሽው። «ሃሎ፣ ሃሎ» ብለሽ እያወራሁሽ ዘጋሽብኝ። ተቀይመሽ ከሆነ ንገሪኝ።

ወሰላም። አብዱሰመድ

ጂዳ፣ የካቲት 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ወንድሜ፣ ሰላም ላንተና ለቤትህ ይሁን፣ የቀረበልህ ረመዳን የበረካ ይሁንልህ።

አልተቀየምሁህም። መስመሩ ነው።

ማሽኑን ልኬልሃለሁ። ይዛልህ የምትመጣው የሲሪንቃ ልጅ ናት፣ ለሁልጊዜው ነው የምትገባው። በልብስ ጠቅልላ ሻንጣዋ መሃል አድርጋዋለች። ወረቀትህን ይዤ ሱቅ ገባሁ፣ ሻጩም ብዙ አወራኝና ሰጠኝ። ነጭ ነው፣ ያምራል፣ ካለው ሁሉ አዲሱ ነው ተብሏል።

አሁን የኔን ላክልኝ። በአላህ ይሁንብህ አታዘግይብኝ፣ ከዚህ በላይ የምለምንበት ቃል የለኝም። እዚያው ሲሪንቃ የልጅቷ ወንድም ለሥራ ሊመጣ ቪዛው ወጥቶለታል። በእጁ ስጠው። ሌት ተቀን የማስበው ይህንኑ ነው።

ዘሀራ

መርሳ፣ መጋቢት 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለዘሀራ ኡበይደላ።

ሳጥንሽ ደረሰ። ሰላምታውን ዝለይው፣ ጾሜን ነኝ፣ ተቃጥያለሁ።

ልጅቷ ያመጣችልኝ ዕለት ለመንደሩ ሁሉ አወራሁ። በሩን በርግጄ ከፈትሁ፣ ልጆቹ እየተጋፉ ገቡ፣ ጁነይድ ራሱ መንገዱን ተሻግሮ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ጨርቁን ፈታሁት። ኤክስቦክስ ነው። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። እሺ ይሁን፣ እሱንም ይለምዱታል ብዬ ሲዲ ላስገባ ዞር ባደርገው፣ ገለበጥ ባደርገው ማስገቢያ የለውም። ግጥም ያለ ነጭ ሳሙና ነው። አንዱ ልጅ «ጋሼ፣ ይሄ ጨዋታውን ከኢንተርኔት ነው የሚያወርደው» አለኝ። ኢንተርኔት። መርሳ ላይ። ሣቁን ብትሰሚው ኖሮ። ጁነይድ እንኳ አልሣቀም፣ አዝኖልኝ ዞር ብሎ ሄደ፣ እሱ ነው የባሰብኝ።

በትልቁ ጻፍሁልሽ። ሲዲ የሚገባበት አልሁሽ። ሌላ እንዳታመጪ አልሁሽ። ምን ነክቶሽ ነው? ጆሮሽ አይሰማም እንዴ? ሻጩ ሲነግርሽ የት ነበርሽ? ወይስ እየቀለድሽብኝ ነው? የአንድ ቤተሰብ እንጀራ ነው የተጫወትሽበት። ያን ቀን አጎቴ ውጣልኝ ያሉኝ ሊረግሙሽ ነው ብትዪኝ ዛሬ አምናለሁ።

ካሴቱ ከቁም ሣጥኑ አይወጣም። የተባባልነውን ስታመጪ ትወስጃለሽ።

አብዱሰመድ

ጂዳ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም። ኢዱ እንዴት አለፈላችሁ? ለልጆቹ ልብስ ልልክ ነበር፣ እጅ አጠረኝ።

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብሁት። ጆሮሽ አይሰማም ወይ ላልኸኝ፣ አዎ ወንድሜ፣ አይሰማም።

ቀኙ ከሄደ ቆይቷል። ያኔ ታምሜ ስነሣ አብሮ ቀረ። ግራው ከባለፈው ክረምት ጀምሮ እየተከተለው ነው። እታች ፎቅ የምትሠራ ዓቢዳ የምትባል የወልድያ ልጅ አለች፣ ሐኪም ቤት ወስዳኝ የተባለውን በወረቀት ጻፈችልኝ። ነርቩ ነው፣ አይመለስም፣ የቀረውም መስማት ዓመት ላይደርስ ይችላል ይላል። ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ማዳም ካወቀች በነጋታው ታሳፍረኛለች። የምኖረው አፍ አፍ እያየሁ ነው። ያልገባኝን ሁሉ ራሴን እነቀንቃለሁ።

ሱቁም ውስጥ ያደረግሁት እሱኑ ነው። ወረቀትህን ሰጠሁት፣ አነበበው። አንድ ነገር አለኝ። ጢሙ አፉን ሸፍኖታል፣ አልታየኝም። ደግሞ ጠየቀኝ። ሰው ቆሞ እየጠበቀ ነበር፣ አፈርሁና ራሴን ነቀነቅሁ። ያ አልቋል፣ ይህን ልስጥሽ ብሎኝ ይሆናል። ከሰጠኝ በኋላ እንኳ አመሰግናለሁ ብዬው ወጣሁ።

ስልኩም ለዚሁ ነው። ድምፅህ ከሩቅ እንደሚፈጭ ወፍጮ ነው የሚሆንብኝ፣ ቃሉ አይለይም። ካሴቱን በጆሮ ማዳመጫ፣ እስከ መጨረሻው ከፍቼ፣ በግራ ጆሮዬ ልሰማው ነበር ያን ሁሉ የለመንሁህ። በኅዳር ቢሆን እሰማው ነበር። በጥርም እሰማው ነበር። አሁን በር ሲደበደብ ይሰማኛል፣ ሕፃን ሲያለቅስ በመጠኑ ይሰማኛል። ባለፈው ጁምዓ አዛኑ አልፎኝ ሄደ።

እንዳልነግርህ ያደረገኝ፣ ደብዳቤው በስንት ሰው እጅ ነው የሚያልፈው። ደግሞም ዘሀራ ደነቆረች ተብሎ ውርጌሳ እንዲወራ፣ የአባቷ ነገር ደረሰባት እንዲባል አልወደድሁም።

የምትልክ ከሆነ ላክ።

ዘሀራ

መርሳ፣ ግንቦት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

እታለም ዘሀራ። በምን አፌ ሰላም ልበልሽ። አላህ ያጽናሽ፣ ለኔም ይቅር ይበለኝ።

ደብዳቤሽን ሱቁ በር ላይ ቆሜ ነው ያነበብሁት። ከዚያ ቤት ገብቼ ለሩቂያ አነበብሁላት። ስጨርስ «አላህ ይይልህ» አለችኝና ጓዳ ገባች። እስካሁን ሌላ ቃል አልተናገረችኝም፣ እውነቷን ነው። አፉ በይኝ። ሰው ሲጨንቀው ምን እንደሚሆን አላውቅም ነበር፣ አወቅሁት።

ካሴቱን በዚያው ቅጽበት አወጣሁት። የሲሪንቃው ልጅ ግን ቀደም ብሎ ሄዷል። በሌላ ሰው እጅ ልስደደው ብል፣ አንድ ነው፣ ቢጠፋ ወይ ቢሰበር ምን ይዋጠኝ? መንገዱ ሲከፈት በሸሚዜ ውስጥ ሻጥ አድርጌ ወልድያ ሄድሁ። ፈቃዱ የሚባል ወዳጅ አለኝ፣ በካሴቱ ዘመን አብረን ነበርን፣ አሁን ሞባይል ይጠግናል። አንድ ቴፕ እንደምንም ይዞ ቀርቷል። የካሴቱ ክር ተጣብቆ ነበር። ቪቱን ፈቶ ክሩን ወደ ሌላ ካሴት አዘዋወረው፣ በእስክርቢቶ ቀስ እያለ አጠነጠነው፣ አንድ ቦታ እንኳ አልተበጠሰም። ከዚያ ፍላሽ ላይ ገለበጠልኝ።

እኔ አልሰማሁትም። ካንቺ በፊት መስማት ነውር መሰለኝ። ፈቃዱን ግን ዓይን ዓይኑን ሳየው «ምርቃት ነው፣ አብሽር» አለኝ። ምርቃት ነው ዘሀራ። እንኳን ደስ ያለሽ። ደግሞ ደክሞበታል፣ ድምፁን አጥርቶ፣ ዝም ያለበትን ባዶ ባዶውን ሁሉ አውጥቶ፣ አሳጥሮና አሳምሮ ነው የሠራልኝ። ሒሳብ እንኳ አልተቀበለኝም።

ፍላሹን ለሐጅ በሚሄዱ የመርሳ ሰዎች እጅ ልኬዋለሁ። እስኪደርስ ድረስ ጆሮሽን አላህ ያቆይልሽ። ሌት ተቀን ዱዓዬ ይሄው ነው።

አብዱሰመድ

ጂዳ፣ ሰኔ 23 ቀን 2016 ዓ.ም.

ወዐለይከ ሰላም፣ ወንድሜ። አፉ ብዬሃለሁ፣ ልብህ አይጨነቅ። ለሩቂያም አፉ ብላኛለች በላት፣ ታናግርህ።

ሐጃጆቹ በሰላም መጡ። ፍላሹ ከአንድ ትልቅ ሰው እጅ ደረሰኝ። ዓቢዳ ስልኳ ላይ ሰካችልኝ። ማዳመጫውን ግራ ጆሮዬ ውስጥ ከተትሁ፣ እስከ መጨረሻው ክፈችው አልኋት። ዓይኔን ጨፍኜ ጠበቅሁ። ጀመረ ወይ ስላት ራሷን ነቀነቀች። ጨመረችው። ጆሮዬ ውስጥ መንቀጥቀጡ ይሰማኛል፣ ዝንብ የገባ ይመስላል። የአባቴ ድምፅ ነው እሱ። ሌላ ምንም የለም። ዓቢዳ አጠገቤ ቁጭ ብላ ከማዳመጫው የሚያመልጠው እንኳ ለእሷ ይሰማት ነበር፣ አየኋት፣ ታለቅስ ነበር።

ከዚያ እሷ ሰምታ ጻፈችልኝ። ማሻአላህ፣ ምን የመሰለ ምርቃት ነው። ባዳው ዘመድ ይሁንሽ ብለውኛል። እጅሽ የነካው ይባረክ ብለውኛል። እርግማን አይደለም። ስንት ዘመን የተሸከምሁትን አወረዱልኝ። እንዲህ ልል ነበር።

ዓቢዳ ግን ከታች «አባትሽ በጣም ይቸኩላሉ፣ ሳይተነፍሱ ነው የሚሉት» ብላ ጻፈች። ወንድሜ፣ አንተም ታውቃለህ፣ አባቴ ዱዓ ላይ ቸኩለው አያውቁም። አንዷን ብለው አሚን እስኪባል ይጠብቃሉ። አሚኑ ካነሰ ሁለተኛዋን አይጀምሩም። ከመጋረጃው ወዲያ ያለነው ካልተሰማን «ሴቶቹስ?» ይሉ ነበር። ብቻቸውን ቤት ዘግተው ለኔ ሲመርቁም እንዲያው ነው ያደረጉት። እያንዳንዷን ብለው እኔን ጠብቀዋል።

ወዳጅህ ያወጣው ባዶ የኔ ነበር። አሚን የምልበት ነበር። አልፈርድበትም፣ በደግነት ነው ያደረገው። ግን አሚን ያላልሁበት ምርቃት እንዴት የኔ ይሆናል? በጽሑፍ ያለችውን ወረቀት ይዤ የት የት ላይ ልበል? ዋናው ካሴት አንተ ጋ ነው። እባክህ አንዴ ስማውና የት የት ላይ እንደሚጠብቁኝ ንገረኝ።

ዘሀራ

መርሳ፣ ነሐሴ 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

እታለም፣ አላህ ልብሽን ያርጋው፣ ያሰብሽውን ያድርስልሽ።

ወልድያ ልሄድ ብል መንገዱ ተዘጋ። በመርሳ ቴፕ ያለው አንድ ሰው ነው፣ የጁነይድ አባት። የኔ ሱቅ ሰኔ ላይ መዘጋቱን አልነገርሁሽም። አሁን ጁነይድ ቤት ነው የምሠራው፣ ለልጆቹ ተራ አስይዛለሁ። እሱ ራሱ ነው ና ያለኝ። ስለ ካሴቱ ስነግረው ቴፑን ከአባቱ ቤት ተሸክሞ አመጣው፣ መብራት ያለው እዚያው ጨዋታ ቤቱ ውስጥ ብቻ ስለነበር እዚያው ሰካነው። «አጥፉት» አላቸው ልጆቹን። አጉረመረሙ፣ ግጥሚያቸው አላለቀም ነበር፣ ግን አጠፉት።

እንዳልሽው ነው። የመጀመሪያውን አሉና ዝም አሉ። የሙስበሃቸው ዶቃ ሲንኳኳ ይሰማል። ሳል አለ። ከውጭ የመኪና ጥሩንባ አለ። አንዱ ልጅ «አሚን» ሊል ሲጀምር ጁነይድ ክንዱን ያዘው፣ «ለሷ ነው» አለው። ከዚያ በኋላ ማንም ትንፍሽ አላለም። እሳቸው በጠበቁ ቁጥር እኛም አብረን ጠበቅን። 

እንዲህ ነው ያሉት። ባዶ የተውሁት እሳቸው የጠበቁበት ነው።

ከወጣሽበት አላህ በሰላም ይመልስሽ።

ባዳው ዘመድ ይሁንሽ፣ የገባሽበት ቤት አይጥበብሽ።

እጅሽ የነካው ይባረክ።

ያኮረፍሁትን አላህ አይቁጠርብሽ፣ ያለቀስሁትን አይጠይቅሽ።

እዚህ ላይ ረጅም ነው። ያለቀሱ ይመስለኛል። ከዚያ የመጨረሻው ይኼ ነው፤ ቃል በቃል ነው የጻፍሁት።

«ዘሀራዬ፣ አሚን ካልሽልኝ እኔም አፉ ብዬሻለሁ። በይ እስቲ።»

ከዚያ ሌላ አልተናገሩም። ክሩ አልቆ ቁልፉ ቀጭ ብሎ እስኪነሣ ድረስ ጠበቁሽ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ለምን ቆዩ እያልሁ እበሳጭ ነበር ያኔ፣ ደንበኛ ቆሞብኝ ነበር።

ልንልልሽ አልደፈርንም። አንቺው በይ።

አብዱሰመድ

ጂዳ፣ መስከረም 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ አብዱሰመድ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። አዲሱን ዓመት አላህ የእፎይታ ያድርግላችሁ፣ ላንተና ለጁነይድ፣ ዝም ብለው አብረው ለጠበቁልኝ ልጆች ሁሉ።

ወረቀትህ በደረሰኝ ቀን ሰዎቹ ወጥተው ነበር፣ ማድ ቤት ብቻዬን ነበርሁ። ውዱእ አደረግሁ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። ባዶ በተውህልኝ ቦታ ሁሉ እየቆምሁ አሚን አልሁ። ቀስ ብዬ ስለው ያልሁት አልመሰለኝም፣ ጉሮሮዬ ላይ እጄን አድርጌ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ጮክ አልሁ። የመጨረሻዋ ላይ ስደርስ ብዙ ጊዜ አልሁት፣ ክሩ እስኪያልቅ ጠበቁ ብለሃልና እኔም ቶሎ ማቆም አልቻልሁም። ድምፄ ምን ይመስል እንደነበር አላውቅም። ዓቢዳ እታች ፎቅ ሆና ሰምታዋለች።

ማዳምም ተመልሳ ኖሯል። ከኋላዬ ቆማ ስትጠራኝ፣ ደግማ ስትጠራኝ፣ እኔ አሚን እያልሁ ነበር። ዞር ስል አፏ ክፍት ነው፣ ፊቷ ቀልቷል፣ እጄ እንደ ልማዱ ሳህኑን አነሳ፣ ራሴን ነቀነቅሁ። እሷ ግን ወደ ኋላዬ ዞረችና አጨበጨበች። ሳልዞር ስቀር ገባት።

ቲኬቴ ተቆርጧል። ይዤ የምመጣው ምንም የለም፣ ሰው እንዳይጠብቅ ንገርልኝ። አልቅሼ አልቅሼ ወጥቶልኛል። ከወጣሽበት በሰላም ይመልስሽ ብለውኛል፣ አሚንም ብያለሁ፣ እንግዲህ እንዴት እንደምኖር አላውቅም።

ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ነው የምመጣው፣ መንገዱ ከተከፈተ። መርሳ መናኸሪያ ስወርድ ከሩቅ ስሜን አትጣራ፣ አልዞርልህም፣ ሰውም ያየናል። ዝም ብለህ መጥተህ ትከሻዬን ንካኝ።

እህትህ ዘሀራ